ውሃ ቀጂው አባወራ

በማስተምርበት ኮሌጅ «ጀንደሯ» ነው የምባለው። መምህራኑም፣ ጸሐፊዎቹም፣ የግቢው ጥበቃም እንዲህ ይሉኛል። በፊት ከኋላዬ ነበር፣ አሁን አሁን ከፊቴም ሆኗል። መጀመሪያ ሰሞን እናደድ ነበር። እያደር ግን ስሙን ወደድሁት። ለማሾፍ ያወጡልኝ ሰዎች፣ ሲጠሩኝ «አቤት» ስል ሲሰሙ ያፍራሉ፤ እኔ አላፍርም።

ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነኝ። አባቴና እናቴ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በተለያየ ፈረቃ ይሠሩ ስለነበር፣ ቤታችን ውስጥ ማን ምን ይሠራል የሚለውን ነገር የሚወስነው ፈረቃው ነበር። አባቴ የማታ ገቢ ሲሆን ወጡን እናቴ ትሠራለች፤ እሷ የማታ ገቢ ስትሆን አባቴ ይሠራል። ይህ ለሌላው ሰው እንግዳ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ትምህርት ቤት ገብቼ «አባቴ ሽንኩርት ሲከትፍ» ብዬ ማውራት ስጀምር ክፍሉ በሙሉ ሲስቅብኝ ነው። ምን እንደሚያስቅ አልገባኝም ነበር። ዛሬም በቅጡ አልገባኝም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሶሲዮሎጂ የመረጥሁት በዚያው ጉዳይ ይመስለኛል።

የምነግራችሁ ነገር የጀመረው አንድ የቀድሞ መምህሬ ቢሯቸው ሲጠሩኝ ነው። የሐይቁን ውሃ ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑ፣ ብዙዎቻችንን ያስተማሩ አዛውንት ናቸው። በጣና ዙሪያ የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠና ቡድን አቋቁመዋል። አንዱ ዝናቡን፣ አንዱ አፈሩን፣ አንዱ ዓሣውን፣ አንዱ ሐይቁን የወረረውን የእንቦጭ አረም ይይዛል። ሁሉም ወንዶች ናቸው።

«የሚደግፉን ሰዎች የሴቶች ጉዳይ ካልገባበት አይሆንም አሉ» አሉኝ፤ ምንም አልደበቁኝም። «እሱን አንቺ ትይዥልናለሽ።»

በምን ምክንያት እንደተጠራሁ ገብቶኛል። ቢሆንም ደስ አለኝ፤ ክፍል ውስጥ ስለ ገጠር ሳወራ ኖሬ ወጥቼ የማየት ዕድል ብዙም አላገኘሁም ነበር። እሺ ብዬ ወጣሁ። ማታ የሪፖርቱን ረቂቅ ላኩልኝ። ገና አንድም ቀን መስክ አልወጣንም፤ ረቂቁ ግን ምዕራፍ ምዕራፉ ተለይቶ፣ ርእስ ርእሱ ተሰጥቶት ተዘጋጅቷል። የእኔ ምዕራፍ ከሁሉም ኋላ ነው። ከርእሱ ሥር «ሴቶች ለአየር ንብረት ለውጥ ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል። ከዚያ በታች ገጹ ባዶ ነው። የቀረኝ ሥራ ባዶውን የሚሞላ የጥቂት ሴቶች ቃል ማምጣት ነው።

በነጋታው ሄጄ ጠየቅኋቸው። ማንንም ሳንጠይቅ ይህ እንዴት ተጻፈ አልሁ። የታወቀ ነገር እኮ ነው፣ በሌላውም አገር የተጠናው እንዲህ ነው የሚለው አሉኝ። ነገሩ ውሸት ነው አላልሁም። ውሃ ሲርቅ የሚርቀው በሴት እግር መሆኑን አውቃለሁ። የከነከነኝ ሌላ ነው። ዓሣውን የሚያጠናው ሰው ከመረቡ ምን እንደሚወጣ አስቀድሞ አልጻፈም። ዝናቡን የሚያጠናውም ሳይለካ አልጻፈም። ሳይጠየቅ መልሱ የታወቀው የእኔ ጉዳይ ብቻ ነው። ይህንኑ ነገርኋቸው። ፈገግ ብለው «አንቺ ደግሞ» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በጸጥታ ምክንያት ተዘግቶ የነበረው መንገድ የተከፈተ ሰሞን ወጣን። የሄድንበት መንደር ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ፣ የሩዝ ማሳውና እንቦጩ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም አረንጓዴ ስለሆነ መስኩ የት እንደሚያበቃና ውሃው የት እንደሚጀምር አይለይም። ታንኳ የሚገፉት ሰዎች በማጭድ እየቆረጡ ነው መውጫ የሚያበጁት። በየዓመቱ ዘመቻ ይጠራል፣ ሰው እስከ ወገቡ ገብቶ ይነቅላል፣ ክረምት ሲመጣ እንደገና ይበቅላል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ሴቶቹን ለቡድን ውይይት ከዋርካ ሥር ሰብስበው ጠበቁኝ። ሰዓቱ ሩዝ የሚታረምበት ነበር። ሴቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው፣ ዓይናቸውን ወደ ማሳቸው አድርገው ተቀመጡ። ሊቀ መንበሩም ራቅ ሳይሉ ቆሙ። የአየሩ ጠባይ መለወጡ ምን አደረሰባችሁ ስል ሁሉም በአንድ ድምፅ መለሱ። ተቸግረናል፣ ውሃ ራቀን፣ እንጨት ጠፋ። እውነት ነው። ግን በቃል የተያዘ ጸሎት ይመስል ነበር። አንዲት ጠና ያሉ ሴት ባለፈው የመጡትም ይህንኑ ጠይቀው ይህንኑ ጽፈው እንደሄዱ ነገሩኝና «መልሱ ያው ነው ልጄ፤ ጻፊውና ወደ አረማችን እንሂድ» አሉ። ተነሥተው ሄዱ። መቅረጫዬ ሞልቷል፤ እኔ ግን ምንም አልያዝሁም።

ከዚያ ወደ ውሃው ጉድጓድ ሄድሁ። የእጅ ፓምፕ ነው፤ ሴቶችና ልጃገረዶች ጀሪካናቸውን ደርድረው ወረፋ ይጠብቃሉ። ከመካከላቸው አንድ ወንድ ቆሟል። ዕድሜው አርባ ቢሆን ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ እጁ መረብ ሲጎትት የኖረ ሰው እጅ ነው። ወረፋው ሲደርስ ቀዳ፣ ክዳኑን አጠበቀ፣ ጀሪካኑን በገመድ አስሮ ልክ ሴቶቹ እንደሚያደርጉት ጀርባው ላይ አዘለው። ከመንገዱ ማዶ ጥላ ሥር የተቀመጡ ወንዶች አንድ ነገር ተባባሉና ሳቁ። ሰውየው ዞር ብሎ አያቸውና «ደኅና ዋላችሁ» አላቸው። እርምጃውን አላፈጠነም።

ተከተልሁት። ከየት እንደመጣሁ ነግሬ ላናግርዎት ወይ አልሁት። ጀሪካኑን ከቤቱ በር ላይ አውርዶ በርጩማ አመጣልኝ። ሁለት ሴት ልጆች አሉት፤ ፀጉራቸው እንደ ወንድ ልጅ ፀጉር አጭር ተደርጎ ተከርክሟል። ትልቋ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

ታሪኩን ቀስ ብሎ ነገረኝ። አባቱም እሱም ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ከደንገል ታንኳ ሠርቶ እስከ ጎርጎራ ይወጣ ነበር። እንቦጩ ሲመጣ መረቡ ከዓሣ ይልቅ ሥር እያፈሰ አስቸገረው፤ ወደ ሩዝ ዞረ። ደኅና ይዞለት ሳለ ውሃው ያለ ወትሮው ገፍቶ መጣና ሩዙ ሳይታጨድ ማሳው ላይ ተኛበት። ያን ዓመት ሚስቱ ዐረብ አገር እሄዳለሁ አለች። ተጣሉ። አትሄጅም አላት። ሄደች።

ከሄደች በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ መከረው። እናቱ ሌላ ሴት እናምጣልህ አሉት። እህቱ ትልቋን ልጅ ከትምህርት ቤት አውጣትና ቤቱን ትያዝ አለችው። ሁለቱንም እምቢ አለ። ወጥ መሥራት ከጎረቤት ሴት ተማረ፤ እንጀራ መጋገር ግን ብዙ እንዳስለቀሰው ሳቅ እያለ ነገረኝ። ያቃተው ሹሩባ መሥራት ብቻ ነው፤ ለዚያ ነው ፀጉራቸውን የከረከመው።

ውሃ መቅዳቱን እንዴት እንደጀመረ ጠየቅሁት። ይህን በራሱ ቃል ልጻፈው።

«መጀመሪያ ጎህ ሳይቀድ ነበር የምሄደው፤ ሰው እንዳያየኝ። አንድ ቀን ስመለስ ውሻ ጮኸብኝና ሌባ መስያቸው ሰዎች ወጡብኝ። ሌባ አለመሆኔን ለማስረዳት ጀሪካኑን ማሳየት ነበረብኝ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ የገዛ ውሃዬን እንደ ሌባ የምቀዳው ለምንድን ነው አልሁ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው የምሄደው። የሚስቅ ይሳቅ።»

ስንለያይ ልጽፈው እንደምፈልግ ነገርሁት። እሱ ግድ የለውም፤ ግን «ባለቤቴን ሳይጠይቁ እንዳይጽፉ፤ ነገሩ የእሷም ነው» አለኝና ቁጥሯን ሰጠኝ።

በዚያው ቀን የእኛ መረጃ ሰብሳቢዎች ይህን ሰው ጠይቀውት እንደነበር አወቅሁ። መጠይቁን ያስሞላው ወጣት በታብሌቱ አሳየኝ። አባወራ፤ ያገባ፤ ሥራው ግብርና። ስለ ዝናብ፣ ስለ ሩዝና ስለ ጎርፍ ተጠይቋል። ውሃ ማን ይቀዳል፣ ማን ያበስላል የሚሉት ጥያቄዎች ግን አልተጠየቀም። ለምን ስለው፣ መልስ ሰጪው ወንድ ከሆነ ታብሌቱ ያንን ክፍል ራሱ ይዘለዋል አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሲሠራ እንዲዘል ተደርጎ ነው የተሠራው።

እናም በቀሩት ቀናት የተዘለለውን መጠየቅ ጀመርሁ። ሚስቶቻቸው ዐረብ አገር ያሉ ባሎችን ቤት እያጠያየቅሁ ሄድሁ። አንዱ እህቱን አምጥቶ አስቀምጧል፤ የእሷ ትዳር በዚያ ሰበብ ፈርሷል። ሌላው ሴት ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጥቷል፤ ሳናግራት የድሮ ክፍሏን ጓደኞች ስም እየጠራች እንዴት ናቸው ትለኛለች፣ እኔ የማውቃቸው ይመስል። ሌላው እንደ ውሃ ቀጂው ራሱ ይሠራል፣ ግን በሩን ዘግቶ ነው፤ ስመጣ እጁ ላይ ያለውን ሊጥ በጋቢው ሸፈነ። ከዚህ ሁሉ አንዱም በመጠይቁ ውስጥ የለም። ሐይቁ ባሕርዩን ሲለውጥ በየቤቱ ውስጥ ምን እንደተለወጠ ማየት ከፈለግን፣ የተለወጠው እዚህ ነበር።

አንድ ማታ ወረታ ከተማ ባረፍንበት ሆቴል እራት ላይ ለቡድኑ ነገርኋቸው። እንቦጩን የሚያጠናው ባልደረባዬ ውሃ ቀጂውን ሰው ስገልጽ ሳቀ፤ ከዚያ እኔ ስላልሳቅሁ ወደ ሳህኑ ዞረ። መሪያችን፣ የቀድሞው መምህሬ፣ በጥሞና ሰሙኝ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይህ ወግ ነው፤ ጥናት አይደለም። ደግሞ ጀንደር ማለት ሴት ናት። ወንዱን እኛ ይዘነዋል።»

«ወንዱን አልያዛችሁትም» አልኋቸው። «ሩዙን ነው የያዛችሁት። ሰውየው ሩዙን ጥሎ ቤቱ ሲገባ እናንተ ከውጭ ቀርታችኋል።»

ለታላቅ ሰው እንዲህ አይመለስም፤ አውቃለሁ። መልሼ ለመዋጥ ግን አልፈለግሁም። እሳቸውም ከፍ ዝቅ አድርገው አልተናገሩኝም፤ ጻፊውና እናየዋለን ብለው ተነሡ።

ባሕር ዳር ተመልሼ ጻፍሁት። እንደዚያን ጊዜ ደስ ብሎኝ የጻፍሁት ነገር የለም። ውሃ ቀጂውን ሰው ከፊት አስቀደምሁት፤ የመንደሩ ሳቅ፣ ውሻው፣ ጀሪካኑ፣ ሁሉም ገባ። ሚስቱን በአንድ አንቀጽ ጠቀስኋት፤ ጎርፍ ያሰደዳት እናት ብዬ። ጨርሼ ሳበቃ ለፈቃድ ደወልሁላት። በዚያ ሰሞን ዳታ ተዘግቶ ስለነበር በተራ ስልክ ነው ያገኘኋት፤ የምትሠራበት ቤት ሰዎች ወጥተው ነበር መሰለኝ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው የምታወራው። ማንነቴን ነገርኋት። ባሏ ነግሯታል። የጻፍሁትን አነበብሁላት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ውሃ ቀዳ ብለሽ ነው ለአገር ሁሉ የምታወሪው?» አለችኝ። «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስቀዳ የት ነበርሽ? እናቴ ስትቀዳ የት ነበርሽ? ማን ጻፈን?»

እሷ ቀጠለች።

«ደግሞ ጎርፍ አሰደዳት አትበይ። ጎርፉ የወሰደው ሩዙን ነው። እኔን ማንም አልወሰደኝም። እሱ አትሄጅም ሲለኝ፣ አባቴ ሲቆጣኝ፣ የነፍስ አባታችን ሲያወግዙኝ፣ በገዛ እግሬ ነው የሄድሁት። እሱ ጎበዝ ነው፤ ይጻፍለት። እኔን ግን ምስኪን አድርገሽ እንዳትጽፊኝ።»

ከዚያ የልጆቹን ፀጉር በእውነት ከርክሞታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኋት። ከሁሉም በላይ የተናደደችው በዚህ ነው። ያን ፀጉር ለማሳደግ ስንት ቅቤ እንደፈጀ እሱ የት ያውቀዋል አለችና ቻው ሳትለኝ ዘጋችው።

ብዙ ሰው እንዲህ ሲነገረው የሚያፍር ይመስለኛል። እኔ ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትሁና ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልሁ፤ ደስ ብሎኝ ነው። ለወራት ስጨቃጨቅበት የነበረውን ነገር ይህች ሴት ከሰው ቤት ማድ ቤት ቆማ ከእኔ አሳጥራ ተናግራዋለች። ረቂቁ ሴቶችን ተጋላጭ ብሎ ዘጋቸው። እኔ ደግሞ ረቂቁን እየተቃወምሁ ያው ተጋላጭ አድርጌያት፣ ባሏን ጀግና አደረግሁ። ቁጭ ብዬ እንደገና ጻፍሁት። የመሄዷን ነገር እንደ ውሳኔ ጻፍሁ፤ ማን እንደተቃወማት፣ ምን ብላ እንደመለሰች። የባሏን እምቢታም ጻፍሁ፤ አትሄጅም ያለው ሰውና ጀሪካኑን ያዘለው ሰው አንድ ሰው ናቸውና። ልጁን ከትምህርት ቤት ያስወጣውንም፣ ሊጡን በጋቢ የሸፈነውንም ጎን ለጎን አስቀመጥኋቸው። እንደገና ደውዬ አነበብሁላት። «አሁን እኔን ይመስላል» አለች። ምስጋናም ሌላም አልጨመረችም።

ውጤቱን ለማሳወቅ የተጠራው ወርክሾፕ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል አዳራሽ ነበር። ከየቢሮው የመጡ ሰዎች፣ ደጋፊዎቹ፣ ጥቂት ጋዜጠኞች ነበሩ። ባልደረቦቼ ተራ በተራ አቀረቡ፤ ሥራቸው ጥሩ ነበር፣ ይህን አልክድም። የእኔ ተራ ከምሳ በፊት ባለችው ጠባብ ጊዜ ነው። መድረኩ ላይ ወጥቼ ወደ ግድግዳው ዞር ስል ያልላክሁት ስላይድ በርቷል። ጀሪካን የተሸከመች ሴት ፎቶ፤ ከሥሩ «ሴቶች ለአየር ንብረት ለውጥ ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው»፤ ከዚያ በታች የእኔ ስም። ፎቶው ከየት እንደመጣ አላውቅም። የእኛ መንደር እንኳ አይመስልም።

መሪያችንን አየኋቸው። ወረቀታቸውን ያገላብጣሉ።

«ይህ የእኔ አይደለም» አልሁ፤ በማይክሮፎኑ። «ስሜ የእኔ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ አይደለም። እንዲጠፋ እጠይቃለሁ።»

ቴክኒሻኑ ግራ ገባውና አጠፋው። ባዶ በሆነው ግድግዳ ፊት ቆሜ የጻፍሁትን አነበብሁ። ውሃ ቀጂውን አነበብሁ፤ ከኋላ ወንበሮች ሳቅ ተሰማ፤ እስኪያበቃ ጠብቄ ቀጠልሁ። ሚስቱ ያለችውን፣ እኔን የወቀሰችበትን ጭምር፣ እንዳለ አነበብሁ። ያኔ የሳቀ የለም።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ከባዱን የጠየቀችኝ ሴት ናት። ግብርና ቢሮ ብዙ ዓመት የሠራች ባለሙያ ናት። ሴቶች ተጋላጭ ናቸው እያልን ነው እኮ ፓምፑንም ዘሩንም ያገኘንላቸው አለች። «ያን ቃል ስትወስጅብን በምን እንለምን?» አለችኝ። ጥያቄዋ እውነተኛ ነበር፤ ዛሬም ሙሉ መልስ አለኝ አልልም። ያን ቀን የመለስሁት፣ ተጎድታለች ማለትና ከመጎዳት ሌላ ምንም አታውቅም ማለት ይለያያል የሚል ነው። ስትሄድ፣ ስትመርጥ፣ ስትከራከር ያልጻፍናትን ሴት የመስኖ ስብሰባ ላይ ማን ይጠራታል አልሁ። ሴትዮዋ ራሷን አልነቀነቀችም፤ ግን የሆነ ነገር ጻፈች።

በምሳ ሰዓት መሪያችን በረንዳው ላይ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። በሰው ፊት እንዳሳፈርኋቸው ነገሩኝ። ላሳፍርዎት አልፈለግሁም፤ ሳልጽፈው ስሜ የተጻፈበትን ነገር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም አልኋቸው። ሐይቁን እያዩ ቆዩ። «የጻፍሽው ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ፤ «ሪፖርቱ ውስጥ ግን አይገባም።»

እንዳሉትም አልገባም። ሪፖርቱ ታትሞ ሲመጣ የመጨረሻው ምዕራፍ ያችን ዓረፍተ ነገርና ከዋርካው ሥር የሰበሰብሁትን የጋራ መልስ ይዟል። ስሜን እንዲያወጡት በጽሑፍ ጠይቄ ስለነበር አውጥተውታል። ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሳይኖረው ቀርቷል። ባልደረቦቼ ነገሩን አከረርሽው አሉኝ። አንዱ ከእንግዲህ ማንም አይጠራሽም አለኝ። አይጥሩኝ አልሁ። እኔ የጻፍሁትን ምዕራፍ ክፍል ይዤው ገባሁ፤ በየዓመቱ አስተምርበታለሁ። ተማሪዎቼ ይጨቃጨቁበታል፤ ግማሾቹ ከባልየው ጋር፣ ግማሾቹ ከሚስትየዋ ጋር ይቆማሉ።

መንገዱ ሲፈቅድ ወደ መንደሩ ተመልሼ ሄጃለሁ። ሚስትየዋ ውሏን ጨርሳ ተመልሳ አገኘኋት። በስልክ ስሰማት ግዙፍ ሴት አድርጌ ነበር የሣልኋት፤ አጭርና ቀጭን ሆና ተገኘች። የልጆቿን ፀጉር እያሳደገች ነው። ባሏ ስትመለስ ጀሪካኑን ሊያስረክባት እንደሞከረ፣ እሷም ለምን ብላ እንደጠየቀችው፣ እስከ ዛሬም እየተከራከሩ በየተራ እንደሚቀዱ ነገሩኝ። እሱ በራሱ ተራ ቀን ጥላ ሥር ካሉት ወንዶች ጋር እንደሚቀመጥ፣ እሷም እዚያው ድረስ ሄዳ በስሙ እንደምትጠራው ሲያወራ ሁለቱም ይስቃሉ።

የእሷ ትልቁ ጠብ ግን ከቀበሌው ጋር ነበር። በውሃ ፓምፕ ማሳ የሚያጠጣ የመስኖ ማኅበር ሲቋቋም በራሷ ስም ልመዝገብ አለች። አባወራው ተመዝግቧል፣ ቤቱ አንድ ነው አሏት። ቤቱ አንድ ነው፣ እኔና እሱ ግን ሁለት ነን ብላ ከጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ተቀመጠች። ሲዘጉ ትሄዳለች፣ ሲከፍቱ ትመጣለች። ሊቀ መንበሩ ሰለቻቸውና መዘገቧት። ማኅበሩ ውስጥ ብቸኛዋ ባለትዳር ሴት ናት፤ ስብሰባ ላይ ስትናገር አሁንም የሚያጉረመርም አለ። ያጉረምርም አለችኝ።

ዘንድሮ ያልጠበቅሁት ሆነና መሪያችን ራሳቸው ደወሉልኝ። አዲስ ጥናት አለ፤ ከጎርጎራ በኩል ያለው ዳርቻ። ደጋፊዎቹ እንደገና የሴቶች ጉዳይ ይግባ ብለዋል። ቅድመ ሁኔታዬን አስቀመጥሁ። ወንዱ ስለ ውሃና ስለ ማድ ቤት ይጠየቃል፤ ሴቷ ስለ መሬትና ስለ ዓሣ ትጠየቃለች፤ ለየብቻ፣ በሚመቻቸው ሰዓት፣ ሊቀ መንበር በሌለበት። ከመስክ ሳንመለስ አንድም ዓረፍተ ነገር አይጻፍም። አንቺ ልጅ ዕድሜ አላስተማረሽም አሉኝ፤ ቢሆንም ተስማሙ። በሁሉም አልተስማሙም፤ ለየብቻ የሚለው ጊዜ ይፈጃል ብለው በግማሽ ቀበሌዎቹ ብቻ ይሁን አሉ። ለጊዜው ተቀብያለሁ። የቀሩትን መስክ ስንደርስ እከራከርባቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት መረጃ ሰብሳቢዎቹን ማሠልጠን ጀመርሁ። ወንዶችም ሴቶችም ናቸው፣ አብዛኞቹ አዲስ ተመራቂዎች። አዲሶቹን ጥያቄዎች ሲያነቡ ክፍሉ ውስጥ ሳቅ ሆነ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ እጁን አወጣና፣ አንድ የተከበረ ሽማግሌን ቤትዎ ውስጥ የልጆቹን ልብስ ማን ያጥባል ብሎ መጠየቅ ነውር አይሆንም ወይ አለኝ። ዱላ ቢያነሡብኝስ አለ።

«እንግዲያውስ እንለማመደው» አልሁት። «አንተ መልስ ሰጪ ሁን፣ እኔ ልጠይቅ። እቤትህ የልጆቹን ልብስ የሚያጥበው ማን ነው?»

ባለትዳርና የልጆች አባት መሆኑን አላወቅሁም ነበር። ጓደኞቹን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥሁና እስክሪብቶዬን ከፍቼ ጠበቅሁት።